ከኮሌጅ በፊት አንድ ዓመት፦ ለበጎ ፈቃድ ሞሺ፣ ለጀብዱ ኪሊማንጃሮ ስትሄዱ እነዚህን አትሳሳቱ

ሰሞኑን የጓደኞቼ ልጆች ሃይስኩል እየጨረሱ ነው። "ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት አንድ ዓመት ልውሰድ፣ አፍሪካ ሄጄ ላገልግል፣ ተራራም ልውጣ" ይላሉ። ወላጆቻቸው ደግሞ እኔ ጋ ይደውላሉ። "አንቺ ሄደሽ የለ እንዴ? እስኪ ምከሪያት።"

አዎ፣ ሄጃለሁ። በ19 ዓመቴ ከሜሪላንድ ተነስቼ ታንዛኒያ ገባሁ። ከኪሊማንጃሮ ግርጌ ባለችው ሞሺ ከተማ ስድስት ወር ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ ኪሊማንጃሮን ወጣሁ። ጥሩ ዓመት ነበር፤ የተሳሳትኩትም ብዙ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደዋይ ከመድገም እዚህ ልጻፈው።

ቦታዬ ይጠብቀኛል ብሎ ዝም ማለት

ዩኒቨርሲቲው ከተቀበላችሁ በኋላ መግቢያችሁን አንድ ዓመት ማዘግየት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይቻላል። ሃርቫርድ እንዲያውም ያበረታታል። የፕሬዚዳንት ኦባማ ልጅ ማሊያ በ2016 እ.ኤ.አ. ሃይስኩል ጨርሳ ሃርቫርድ የገባችው በ2017 ነው። ግን ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ስኮላርሺፑን ለብቻው ጠይቁ፤ ቦታው ቆይቶ ገንዘቡ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። "አንዴ ከትምህርት ከወጣች አትመለስም" የሚለው ስጋት ይገባኛል። ነገሩ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው ያገለግሉ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሩ፤ ከዚያ ተመልሰው ተመረቁ።

ድርጅቱን በፎቶ መምረጥ

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ይሄን ነው። ድረ ገጹ ላይ የውጭ አገር ወጣት ሕፃን አቅፎ የሚስቅበት ፎቶ ካያችሁ ቆም በሉ። ማሳደጊያ ገብቶ ለሁለት ሳምንት "ፍቅር መስጠት" ልጆቹን ይጎዳል። ልጁ ይለምዳችኋል፣ እናንተ ትሄዳላችሁ። ሌላ ይመጣል፣ እሱም ይሄዳል። በየአገሩ ማሳደጊያ ውስጥ ካሉ ልጆች የብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አለ። ያስገባቸው ድህነት ነው። ጎብኚ ገንዘብ ይዞ በመጣ ቁጥር ደግሞ ልጅን ከቤተሰቡ አምጥቶ አልጋ መሙላት ንግድ ይሆናል። በካምቦዲያና በኔፓል ይህ ሆኗል። አውስትራሊያ በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ ይህንንም ከባርነት መልኮች አንዱ አድርጋ ቆጥራዋለች።

እኔ ያገለገልኩት ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ቀለማትን በእንግሊዝኛ ላስተምር ጠመኔ አነሳሁ። "ሬድ" ከማለቴ ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ብሉ! ግሪን! የሎው!" ብሎ ጨረሰልኝ። አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ቀለማት። ገጹን ስትገልጠው ቀለማት። ሌላ ገጽ፣ አሁንም ቀለማት። እርማቱ የሦስት የተለያየ ሰው የእጅ ጽሑፍ ነው። ከእኔ በፊት የመጣ ሁሉ ከዚያው ጀምሮ እዚያው ትቶት ሄዷል። የክፍሉ አስተማሪ ጥግ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። የወሰድኩት የእሷን ክፍለ ጊዜ ነበር።

በማግስቱ ምን ልርዳሽ አልኳት። የተቆለለ መጽሐፍ ያለበት አንድ ክፍል አሳየችኝ። በየክፍል ደረጃው ለይቼ፣ መዝግቤ፣ ማዋሻ መዝገብ አበጀሁለት። ለፎቶ የሚሆን ሥራ አይደለም። ስሄድ ግን መዝገቡን የያዙት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የት ላይ አቆመ? ከእኔ በኋላ ማን ይቀጥላል? ይህን ሥራ ደመወዝ ተከፍሎት የሚሠራ የአገሩ ሰው የለም ወይ? ከምከፍለው ስንቱ ሞሺ ይደርሳል? ከልጆች ጋር ልታሠራችሁ ተዘጋጅታ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ የማትጠይቃችሁ ድርጅት ካለች ተዉአት። የልጆቹን ፊትም ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። የራሳችሁን ታናሽ ወንድም እንዲህ አታደርጉትም።

ቋንቋውን "እዚያው እለምደዋለሁ" ማለት

በታንዛኒያ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማረው በስዋሂሊ ነው። ያለ ስዋሂሊ ክፍል ውስጥ ብዙ አትጠቅሙም። በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎችን አስታውሱ። የሚመደቡት ለሁለት ዓመት ነበር፤ አማርኛም ተምረው ነው የመጡት። ወላጆቻችን እስካሁን በደግ የሚያነሷቸው ለዚህም ይመስለኛል።

አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ትንሽ ይቀለዋል። ደብተር "ዳፍታሪ" ነው፣ እስክሪብቶ "ካላሙ"፤ የእኛን ቀለም ያስታውሳል። ከሁሉም ያስደሰተኝ ሰዓቱ ነው። እነሱም እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። "ሳ ሞጃ" ካሏችሁ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ ሰባት። አብረውኝ የነበሩት አሜሪካውያን በዚህ ሲምታታባቸው እኔ አዲስ አበባ ያለሁ ያህል ነበር።

የትምህርት ዘመኑንም እዩት። የሚጀምረው ጥር ውስጥ ነው። ዲሴምበር ላይ ብትሄዱ ዝግ ነው፤ ሰኔ ላይም እረፍት አለ።

"ሀበሻ ነኝ፣ ዳገት አይከብደኝም"

ይህን ስንቴ ሰማሁ! አደገኛ ንግግር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያደገ ልጅ የኖረው ባሕር ጠለል አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ያደገም ቢሆን አሜሪካ ጥቂት ወራት ከተቀመጠ ሰውነቱ የለመደውን ከፍታ ይረሳል። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው። ከራስ ዳሸን በአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ይበልጣል።

ስህተቱ የሚጀምረው ዋጋ ሲወዳደር ነው። አምስት ቀን ከሰባት ቀን ይረክሳል፣ ስለዚህ አምስቱ ይመረጣል። የሚመከረው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ ነው። በማራንጉ መንገድ የማደሪያ ጎጆዎቹ 2,700፣ 3,720 እና 4,720 ሜትር ላይ ናቸው። በየሌሊቱ አንድ ሺህ ሜትር ማለት ነው። ማራንጉን ከመረጣችሁ ሁለተኛው ጎጆ፣ ሆሮምቦ ላይ አንድ ቀን ጨምሩ። ማቻሜ ወይም ሌሞሾ የሚባሉት መንገዶች በሰባትና በስምንት ቀን ይሻላሉ። ላቫ ታወር፣ 4,600 ሜትር ላይ ትውሉና ለማደር ባራንኮ፣ ወደ 3,900 ትወርዳላችሁ። ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን ያስለምዳል።

ሌላው ስህተት ሕመምን መደበቅ ነው። ከእኛ ቡድን አንድ ጎበዝ ሯጭ ልጅ ነበር። ራሱን ሲያመው ለሁለት ቀን ዋጠው። "አሁን ብናገር ያወርዱኛል" ብሎ ነው። የመጨረሻው ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስተን ስንጓዝ እግሩ እንደ ሰካራም መወላገድ ጀመረ። አስጎብኚው የፊቱን ባትሪ አበራበትና መስመር ላይ ቀጥ ብለህ ሂድ አለው። አልቻለም። በዚያው ጨለማ ይዞት ወረደ፤ ልጁ ተረፈ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ተናገሩ። መወላገድ፣ ግራ መጋባት፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ለጠዋት አይባልም። የከፍታ ሕመምን ስለሚከላከለው ኪኒን፣ ስለ ዳያሞክስ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

በጎነቱን ለትምህርት ቤቱ፣ ተራራውን ለጨዋታ መተው

እኔ የተሳሳትኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ስድስት ወር ሙሉ "ማገልገሌ" ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ተራራው ለራሴ ነው አልኩ። ስለዚህ ከሁሉ የረከሰውን አስጎብኚ ያዝኩ።

ማቻሜ በር ላይ ሻንጣ ይመዘናል። አንድ ፖርተር (ሻንጣ ተሸካሚ) የሚሸከመው ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ደንብ አለ፣ የእኛ ሻንጣ ደግሞ በአብዛኛው ከ15 እንዳይበልጥ ይጠየቃል። የእኔ 19 ሆነ። ልቀንስ ስከፍተው የተሸከመልኝን ሰውዬ ጫማ አየሁ። ተራ ሸራ ጫማ ነው። የቀኙ ሶል ተላቆ በሲባጎ ታስሯል። በዚያ ጫማ 4,600 ሜትር ላይ ብርድ ውስጥ ሊያድር ነው። ዋጋዬ የረከሰው ከእሱ ላይ ተቀንሶ ነበር።

ሞሺ ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኪሊማንጃሮ ፖርተሮችን የሚረዳ ድርጅት አለ። ኬፓፕ ይሉታል። ለፖርተሮች ጃኬትና ቦት ጫማ በነፃ ያውሳል፤ የሚገባቸውን ደመወዝ፣ ምግብና ድንኳን የሚሰጡ አስጎብኚዎችንም ይከታተላል። ከእሱ ጋር የሚሠራ አስጎብኚ ምረጡ። ጉርሻውንም ሁሉም ባለበት፣ ለእያንዳንዱ ስንት እንደሆነ እየተናገራችሁ ስጡ። ለአንድ ሰው አስረክባችሁ ከሄዳችሁ ላይደርስ ይችላል።

ወረቀቱን ማቅለል

በቱሪስት ቪዛ ገብቶ በጎ ፈቃድ መሥራት በታንዛኒያ ክልክል ነው። ለበጎ ፈቃደኛ ክላስ ሲ የሚባል የመኖሪያ ፈቃድ አለ። ድርጅቱ "ችግር የለም፣ በቱሪስት ግቡ" ካለ የሚቀጡትና የሚባረሩት እናንተ ናችሁ። በአዲስ አበባ በኩል ዘመድ ጠይቃችሁ ከሄዳችሁ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱን ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት ውሰዱ። ሞሺ ላይ ወባ አለ፣ የመከላከያ ኪኒኑን አትርሱ። የጉዞ ኢንሹራንሱ እስከ 6,000 ሜትር መሸፈኑን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ከዚያ በታች ያቆማሉ።

ተራራውን ማስቀደም

ብዙ ልጆች መጀመሪያ ወጥተው በኋላ ማገልገል ይፈልጋሉ። እባካችሁ ገልብጡት። ከተማውን ኑሩበት፣ ሰላምታውን ልመዱ፣ ከዚያ ውጡ።

እኔ ሦስተኛው ቀን ላይ ያን ባለ ሲባጎ ጫማ ሰውዬ በስዋሂሊ ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት። ሦስት ናቸው አለ። የት ይማራሉ አልኩት። የእኔን ትምህርት ቤት ስም ጠራ። መካከለኛዋ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ እንግሊዝኛ ትወዳለች አለኝ። ቀለማትን በሙሉ ታውቃለች።