የባጃጅ ጎማ ቬስፓ ላይ መግጠም (ኋላ ብቻ!)

ባለ 8 ኢንች ቸርኬ አሮጌ ቬስፓ ያላችሁ ሰዎች ችግሩን ታውቁታላችሁ። 3.50-8 ጎማ (3.50ው ስፋቱ፣ 8ቱ የቸርኬው ልክ ነው፣ በኢንች) ፍለጋ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ስትገቡ "ለምንድን ነው?" ይሏችኋል። "ለቬስፓ" ስትሉ ይስቃሉ። ከዚያ ሁሉም ተመካክረው እንደጠበቋችሁ አንድ ነገር ያወጡላችኋል፤ የባጃጅ ጎማ፣ 4.00-8። "ያው ስምንት አይደል? ግጠመው በቃ።"

እኔም ገዛሁ፣ ገጠምኩ። ይኸው ሁለተኛ ክረምቴን ይዣለሁ። "ያው ስምንት ነው" የሚለው ግን ስለ ቸርኬው እንጂ ስለ ጎማው የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ቸርኬው የሚመሳሰለው በዘመድ ነው። ፒያጆ ቬስፓን በ1946 እ.ኤ.አ. አወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከእሷው ተነስቶ አፔ የምትባለውን ባለ ሦስት እግር ሠራ። ባጃጅም ሕንድ ውስጥ የቬስፓን ስኩተር በፒያጆ ፈቃድ እየሠራ ነው ያደገው። የአክስት ልጆች በሏቸው። ግን ባጃጇ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው፣ ቬስፓዋ መታጠፊያ ላይ ትጋደማለች። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለቱን ጎማዎች ጎን ለጎን አቁሙና ጥርሱን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋችሁ ዳብሱት። የስኩተሩ እንደ እንቁላል ጀርባ ክብ ነው፣ እጃችሁ ሳይሰናከል ይወርዳል። የባጃጁ መሀሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ጫፉ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ እንደ ደረጃ ጠርዝ ያለ ነገር ያገኛል። መታጠፊያ ላይ ስትጋደሙ የምትቆሙት በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ለዚህ ነው የጎማም የሞተርም አምራቾች ለሌላ ተሽከርካሪ የተሠራ ጎማ ሞተር ላይ አትግጠሙ የሚሉት። ይህን እያወቃችሁ ግቡበት። የፊት እግር ላይ ደግሞ በጭራሽ! ፊት ከተንሸራተተ የምትመልሱበት ጊዜ የለም።

መጀመሪያ ግዢው። ጎኑ ላይ 4.00-8 መሆኑን አንብቡ፤ 4.50-10 የሚል ካያችሁ ተዉት። ከቁጥሩ አጠገብ የክብደትና የፍጥነት ምልክት አለ። ቁጥሩ 46 ከሆነ 170 ኪሎ ይሸከማል፣ 66 ከሆነ 300። ስለዚህ የባጃጅ ጎማ በክብደት አያሳፍራችሁም። ፊደሉን ግን እዩ፤ ጄ (J) እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ኤፍ (F) 80፣ ኢ (E) 70 ነው። የጭነት ጎማ ላይ ኢ ማየት አይግረማችሁ። ቀለበት መንገድ ላይ የምትበሩ ከሆነ ኢ ለእናንተ አይሆንም።

ቀኑንም እዩ። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2323 ካለ በ2023 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ስገዛ ይህን አላየሁም፣ ላስቲኩ አብረቅርቆ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር፣ ቤት ወስጄ ጎኑን በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን እንደ ደረቀ መሬት ስንጥቅጥቅ አለ። ስመልሰው "ከሱቅ ከወጣ አናውቀውም" አሉኝ። ከመነዳሪውንም አብራችሁ ግዙ፣ 4.00-8 የሚለውን። የ3.50ውን ወጥሮ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ሳስቶ ቶሎ ይፈነዳል።

አሁን ወደ መግጠሙ። ቤንዚኑን ዝጉ። ሞተሩ ሥር እንጨት አስገቡና የኋላ እግሩን ከመሬት አንሱት። ቸርኬውን ከታምቡሩ (ፍሬኑ ያለበት ክብ ብረት) ጋር ያያዙትን ዳዶዎች በ13 ቁልፍ ፍቱ፣ በግራ በኩል ይወጣል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ካስቸገራችሁ ቬስፓውን ወደ ቀኝ ትንሽ ማጋደል ነው፣ ጓደኛ ጥሩ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። የቬስፓ ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፣ ሁለት ግማሽ በብሎን ተያይዞ ነው። በሁለቱ መሀል ንፋስ የተሞላ ከመነዳሪ እያለ ሁለቱን ግማሽ የሚያያይዙትን ዳዶዎች ከፈታችሁ ብረቱ እንደ ጥይት ይወጣል፤ እጅም ፊትም ይወስዳል። የቫልቮላውን ውስጡን ንቀሉት፣ ፉጨቱ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ከዚያም ጎማውን በእግራችሁ ረግጣችሁ ባዶ መሆኑን እዩ። ያን ጊዜ ፍቱ። የሰፈሬ ጎሚስታ ይህን ለማሳየት ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ይነካል፣ ሌላ ማብራሪያ አይሰጥም።

ዝገቱን በብረት ብሩሽ አጽዱ። ከመነዳሪውን የሕፃን ፓውደር ቀቡት፣ ከጎማው ጋር እንዳይጣበቅ። ክቡን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ንፋስ ስጡት፤ ባዶ ከሆነ በሁለቱ የቸርኬው ግማሾች መሀል ይገባና ይቆረጣል፣ እኔ ላይ ደርሶ ከመነዳሪ ሁለቴ ገዝቻለሁ። ዳዶዎቹን በመስቀልኛ አጥብቁ፣ አንዱን ጨርሶ ማጥበቅ የለም። ቫልቮላው ወደየት እንደታጠፈ እዩ፤ ታምቡሩን የሚነካ ከሆነ አይሆንም።

ከመንዳታችሁ በፊት ዋናው ልኬት አለ። የባጃጁ ጎማ ከቀድሞው ግማሽ ኢንች ያህል ይሰፋል፣ ከላይ እስከ ታች ደግሞ ሦስት ሴንቲ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ በቀኝ የሞተሩ አካል ሊነካው ይችላል፣ ከላይ የቬስፓው ሆድ። እግሩን መልሳችሁ ግጠሙና ንፋስ ሙሉ፣ በእጃችሁ አዙሩት። በየትኛውም በኩል ትንሿ ጣት የማትገባ ከሆነ እዚያው አቁሙ። መፍጨት ምናምን አትጀምሩ።

ከጎን ገባ ማለት ግን ከላይ ገባ ማለት አይደለም። ሰው ሲቀመጥ አሞርዛተሩ ይወርዳል፣ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል። እኔ የሞከርኩት በሊጥ ነው። ሳቁ ግን ይሠራል። ከእናቴ ቡሃቃ የድፎ ሊጥ ቆንጥሬ ከጎማው በላይ፣ ከውስጥ በኩል ለጠፍኩ። ጠጠር ያለ ሊጥ ነው የሚሻለው። ከዚያ ሁለት ወፋፍራም ጓደኞቼን አስቀምጬ "ዝለሉ" አልኳቸው። ሲወርዱ ሊጡ ላይ የጎማው ጥርስ አልታተመም። ታትሞ ቢሆን ኖሮ ጎማውን ፈትቼ እሸጠው ነበር። (እናቴ ሊጡን መልስ አላለችም፣ ደግነቱ።)

ንፋስ። ለቀድሞው ጎማ ኋላ ብቻዬን ስሆን 25 ፒኤስአይ፣ ሰው ስጭን 36 ገደማ ነበር የምሞላው። የባጃጅ ጎማ ጎኑ ደረቅ ነው፤ አንዳንድ ጎሚስታ እጁ ለምዶ 40 ሲያስገባበት ቬስፓው እንደ ጋሪ ይነጥራል። "ጋሼ፣ 25 ይብቃ" በሉት። "ይተኛብሃል ልጄ" ይላል። አይተኛም። እኔ ሰው ሳፈናጥጥ ብቻ ወደ 32 ከፍ አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሰፈር ውስጥ፣ ቀስ ብላችሁ። ቀጥታ ላይ ምንም አይታወቃችሁም፣ እንዲያውም ይረጋጋል። መታጠፊያ ላይ ግን መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ጎማው ልቁም ይላችኋል፣ ትገፉታላችሁ፣ ከዚያ ጠርዙን ሲያልፍ በድንገት ይወድቅላችኋል። እሱን ነው መልመድ ያለባችሁ። እኔ ሳምንት ፈጀብኝ። ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን በሙሉ እንደገና አጥብቁ፣ የእኔ ሁለቱ ላልተው ነበር።

ዳገት ላይ ሌላ ነገር ታያላችሁ። እግሩ ስለተለቀ ማርሹ ሁሉ ረዝሟል፣ በመቶ 8 አካባቢ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሞተሩ በአየሩ መሳሳት ብቻ ከአምስት እጅ አንድ ያህል ጉልበቱን አጥቷል። በላዩ ላይ ይህ ሲጨመር ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሰው ጭኜ በሁለተኛ ማርሽ የምወጣውን አሁን በአንደኛ ነው የምጨርሰው። የፍጥነት መለኪያው ግን አይሳሳትም፣ ቬስፓ ላይ ገመዱ ከፊት እግር ነው የሚመጣው።

ክረምት ላይ ተጠንቀቁ። ቸርችልን ስትወርዱ አስፋልቱ ይይዛችኋል፣ የዜብራው ነጭ ቀለምና ርጥብ ኮብልስቶን ግን አይምሩም። እዚያ ላይ አትጋደሙ፣ ቀጥ ብላችሁ እለፉና ከዚያ ታጠፉ። የኋላ ፍሬንም ቀስ እያላችሁ።

ወረቀት ነገርም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በከተማችን ሞተር መንዳት ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኗል፤ ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱ የጎማው ልክ ከፋብሪካው የተለየ መሆኑ ሊያስመልሳችሁ ይችላል። የቀድሞውን ጎማ ቢያልቅም አትጣሉት።

የመጨረሻው ስለ ትርፍ እግር ነው። ቬስፓ ከሚወደድባቸው ነገሮች አንዱ ፊትና ኋላ አንድ ዓይነት እግር መሆኑ ነበር፤ አንድ ትርፍ ለሁለቱም ይበቃል። አሁን ያ ቀርቷል። ትርፏን 3.50 አድርጋችሁ ተዉአት፤ ፊትም ትሆናለች፣ ኋላ ቢተነፍስም ቤት ታደርሳለች። የባጃጁን ትርፍ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ግን አንድ ቀን ማታ በዝናብ፣ የፊቱ ሲተነፍስ፣ ትገጥሙታላችሁ። እኔ ሁለተኛ የባጃጅ እግር ቤት አለኝ። ጎሚስታው ቸርኬው ላይ በነጭ ቀለም "ኋላ" ብሎ ጽፎበታል።