የፊኛ ካንሰርን በቢሲጂ ማከም፦ ከካቴተሩ በፊትና በኋላ

ሕፃናት ቲቢን ለመከላከል የሚከተቡት ቢሲጂ፣ ወደ ጡንቻው ያልዘለቀ የሽንት ፊኛ ካንሰርንም ያክማል። በውስጡ ያለው የተዳከመ ባክቴሪያ የፊኛው ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ የሰውነት መከላከያ ይቆጣል፤ ቁጣው ለካንሰሩ ሕዋሳትም ይተርፋል። የሕፃናቱ ብልቃጥ ግን መጠኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ምትክ አይሆንም።

ዕጢው ተፍቆ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት ይጠበቃል። ቁስሉ ሳይሽር ከተሰጠ ባክቴሪያው ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ሽንት ደም ከቀላቀለ፣ ኢንፌክሽን ካለ ወይም ካቴተሩ (መድኃኒቱ ወደ ፊኛ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ሲገባ ካደማ ቀጠሮው ይተላለፍ፤ እዚህ ላይ መቸኮል አያዋጣም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ቀድመው ይናገሩ፤ ቢሲጂውን ሊገድለው ይችላል።

ከሕክምናው በፊት ባሉት 4 ሰዓታት ፈሳሽ አይጠጡ፤ ፊኛው ቶሎ ከሞላ መድኃኒቱን መያዝ ይከብዳል። ቢሲጂው በ50 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ተበጥብጦ በካቴተር ይገባና ፊኛ ውስጥ እስከ 2 ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ለ6 ሰዓታት ወንዶችም ቁጭ ብለው ይሽኑ፤ ፍንጣሪው ባክቴሪያ አለበት። በሸኑ ቁጥር ሽንት ቤቱ ውስጥ በረኪና ጨምረው 15 ደቂቃ ቆይተው ውሃ ይልቀቁ።

ይህ በሳምንት አንዴ፣ ለ6 ሳምንት ይደገማል። ሲሸኑ የሚሰማው ማቃጠል አብዛኛውን ጊዜ በ2 ቀን ይለቃል። ከ38.5 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት ካልወረደ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።