የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲሸት
ታጥቦ የወጣ ልብስ ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ ሳሙና መጨመር መፍትሔ አይደለም። እንዲያውም ያባብሰዋል። ትርፍ ሳሙናና ማለስለሻ ከከበሮው (ልብሱ ከሚሽከረከርበት ክፍል) ጀርባ ይለጠፋል። ሁሌ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሲታጠብ ደግሞ ባክቴሪያና ሻጋታ እዚያው ይራባሉ።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከበሩ ጎማ ነው። በሩ ከፊት የሚከፈት ከሆነ የጎማውን እጥፋት በጣታችሁ ገለጥ አድርጉት። ከታች በኩል ውሃ፣ ፀጉር፣ የጨርቅ ብናኝ፣ አንዳንዴም የሕፃን ካልሲ ታገኛላችሁ። ሳሙና በነካው እርጥብ ጨርቅ ጥቁሩ ዝልግልግ እስኪለቅ እሹት፤ ከዚያ በደንብ አድርቁት። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሽታው በብዛት የሚደበቀው እዚህ ነው።

የሳሙና መሳቢያውን አውጥታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት።

የሚፈሰውን ውሃ ቆሻሻ የሚይዘው ማጣሪያ ብዙ ጊዜ ከታች፣ ከትንሽ ክዳን ጀርባ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፤ ውስጡ የቀረው ውሃ መቀዝቀዙን አረጋግጡ። ሳፋ ደቅናችሁ ቀስ ብላችሁ ፍቱት። የሚወጣው ውሃ ይከረፋል፤ አትደንግጡ። ማጣሪያውን አጽድታችሁ መልሳችሁ ግጠሙት።

አሁን ማሽኑን ባዶውን በ60 ወይም በ90 ዲግሪ አስኪዱት። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ኮምጣጤ አጠገቡ እንዳይደርስ! ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ከእንግዲህ የታጠበ ልብስ ቶሎ አውጡ፤ በሩንም ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ ግን ከበሮው ውስጥ እንዳይገቡ ጠብቁ።

ይህም ሆኖ ሽታው ካልለቀቀ የፍሳሽ ቱቦውን እዩት። ፍሳሽ መውረጃው ውስጥ በጣም ጠልቆ ከገባ የፍሳሹ ሽታ ወደ ማሽኑ ሊመለስ ይችላል።