«ኦፕን» እና «ካይ»፦ ቻይናውያን እንግሊዝኛ ሲማሩ የሚገጥማቸው ችግርና መፍትሄው

ምልክት፦ «ኦፕን ዘ ማሽን»

ቻይናዊ የሥራ ባልደረባ ያላቸው ሰዎች «ኦፕን ዘ ላይት» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ሳይሰሟት አይቀሩም። መብራቱን አብራ ማለት ናት፤ ብትሳሳትም ማንም ይረዳታል። «ኦፕን ዘ ማሽን» ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ተናጋሪው ማሽኑን አስነሣ ማለቱ ነው፤ ሰሚው ደግሞ ክዳኑን ፍታ እንደተባለ ሊረዳ ይችላል። ዱከም እንደሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ባለ፣ ቻይናውያንና ኢትዮጵያውያን የማናቸውም አፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ በሚግባቡበት ቦታ፣ አንዱ ሞተር ሲያስነሣ ሌላው እጁን ወደ ውስጥ ቢሰድ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ይህን ስሕተት በፈገግታ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

መንስኤው በማንዳሪን፣ ማለትም በመደበኛው ቻይንኛ፣ «ካይ» የሚባለው ግስ ነው። «ካይ» በር ይከፍታል፣ መብራት ያበራል፣ መኪና ይነዳል፣ ስብሰባ ያካሂዳል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ መድኃኒት ያዝዛል። ውሃ ሲፈላም የሚነገረው በዚሁ ቃል ነው። «ካይሽዌይ» የሚባለውን የፈላ ውሃ ተማሪው ቃል በቃል ቢመልሰው «ኦፕን ዎተር» ይሆንበታል፤ ይህ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተንጣለለ ባሕር ወይም ሐይቅ ነው። የቃሉ ነባር ጽሕፈት ባለ ሁለት መዝጊያ በር፣ መወርወሪያና መወርወሪያውን የሚያነሡ ሁለት እጆች ይታዩበታል። ዛሬ በዋናው ቻይና የሚጻፈው የቀለለ ቅርጽ በሩን አስወግዶ መወርወሪያውንና እጆቹን ብቻ አስቀርቷል።

አማርኛ ተናጋሪ አስተማሪ እዚህ ላይ ብልጫ አለው። እኛም ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮና ቧንቧ እንከፍታለን፤ «ኦፕን ዘ ሬዲዮ» ከእኛም ተማሪዎች አፍ ይወጣል።

መፍትሄ፦ «ኦፕን ማለት ካይ ነው» የሚለውን መስመር ተማሪያችሁን ከደብተሩ አሰርዙት። ግሱን ብቻውን ሳይሆን ከተሳቢው ጋር ይጻፍ፦ «ተርን ኦን ዘ ላይት»፣ «ድራይቭ ኤ ካር»፣ «ሆልድ ኤ ሚቲንግ»። ለማሽን ደግሞ አንድ ደንብ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሲያስነሡት «ስታርት ዘ ማሽን»፣ ክዳኑ ሲፈታ «ኦፕን ዘ ከቨር»። ክዳኑ በስሙ ይጠራ። ተውላጠ ስም ሲገባም «ተርን ኢት ኦን» እንጂ «ተርን ኦን ኢት» እንደማይባል ቀድማችሁ ንገሩት።

ምልክት፦ «ዊ ኦፕንድ ኤ ሚቲንግ ፎር ስሪ አወርስ»

ሦስቱ ሰዓት ባይጠቀስ ስሕተቱ ጨርሶ አይታይም ነበር፤ ምክንያቱም ስብሰባ በእንግሊዝኛም ይከፈታል። የሚከፈተው ግን መጀመሪያው ብቻ ነው። «ካይ ኽዌይ» የሚለው ቻይንኛ ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ያለውን ይይዛል። ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ተማሪ ካላችሁ «ሆልድ» እና «ሃቭ» የሚሉትን አስለምዱት፤ «ኦፕን» ለመክፈቻ ንግግሩ ይቆይ።

ምልክት፦ «ዘ ሾፕ ኢዝ ክሎዝ»

ከማረማችሁ በፊት ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን በወረቀት ይጻፍላችሁ። «ክሎዝድ» ብሎ ከጻፈ ችግሩ የአነጋገር ነው፤ በማንዳሪን «ድ» ብሎ የሚያበቃ ክፍለ ቃል የለም፣ የመጨረሻዋ ድምፅ ስለዚህ ትዋጣለች። «ክሎዝ» ብሎ ከጻፈ ግን ጥፋቱ የእንግሊዝኛው ነው ማለት ይቻላል። ሱቁ ክፍት ሲሆን «ኦፕን»፣ ዝግ ሲሆን «ክሎዝድ»፤ አንዱ ግሱን የመሰለ ቅጽል፣ ሌላው ቅጥያ የጨመረ። ተማሪው ሁለቱን አመሳስሎ «ክሎዝ» ማለቱ አስቦበት ነው። አንዳንዱ በተቃራኒው አመሳስሎ «ዘ ሾፕ ኢዝ ኦፕንድ» ይላል። ሁለቱን ጥንድ አድርጎ እንደ ሱቅ በር ማስታወቂያ ማስጠናት ከሰዋስው ትንተና ይበልጣል።

ምልክት፦ «ተርን ኦን ዘ ፋይል»

ይህ የመጣው ከእርማት ነው። ደጋግሞ የታረመ ተማሪ «ኦፕን»ን መፍራት ይጀምራልና ትክክል በሆነበትም ቦታ ይሸሸዋል። ኮምፒውተሩ «ተርን ኦን» ይደረጋል፤ በውስጡ ያለው ፋይልና ፕሮግራም ግን «ኦፕን» ነው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ እያደረገ ይናገር።

ፍርሃቱን ለማስወገድ ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገጥሙበትንም አሳዩት። የባንክ ሒሳብ በሁለቱም ይከፈታል፣ ሱቅም እንዲሁ። ተኩስ በእንግሊዝኛም፣ በቻይንኛም፣ በአማርኛም ይከፈታል። ቻይና ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተከተለችው የማሻሻያ ፖሊሲ በእንግሊዝኛ «ኦፕኒንግ አፕ» የተባለው ከዚሁ «ካይ» ተነሥቶ ነው። ተማሪው ይህን ሐረግ በዜና ስለሚያውቀው፣ ሰው የልቡን ሲያወጣም «ኦፕን አፕ» እንደሚባል ብትነግሩት ቶሎ ይይዘዋል።