በጥቅምት መጀመሪያ ጣና ላይ በትንሽ የሸራ ጀልባ አንድ ሌሊት እንዴት እንደሚታደር

ክረምቱ ወጣ፣ መስቀልም አለፈ፣ ጣና አሁን ጢም ብሎ ሞልቷል፣ እና ክረምቱን ሙሉ ላስቲክ ለብሳ የቆመች የሸራ ጀልባ ያለችው ሰው እጁ ይበላዋል። ይሄ ለሱ ነው። የማወራው አምስት ሜትር አካባቢ ስለሆነች፣ በፒካፕ ስለምትጎተትና ሁለት ሰው ስለምታስተኛ ፋይበር ጀልባ ነው። መንገዱ ከባህር ዳር ዘጌ፣ እዛ ጥግ አድሮ በማግስቱ መመለስ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ለዓመቱ የመጀመሪያ ጉዞ ከዚህ በላይ አትመኙ፣ ሩቁ ደቅ ደሴት ለኅዳር ይቆይላችሁ።

ከሁሉ በፊት የሰላሙን ሁኔታ ጠይቁ። ማታ ሐይቅ ላይ መሆን ካልተፈቀደ ጉዞው የለም፣ በቃ። ከተፈቀደም የት እንደምታድሩና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ወደብ ላይ ላሉት ሰዎችም ለቤታችሁም ነግራችሁ ውጡ።

1. ግቢ ውስጥ የሚያልቅ ስራ

ሰው ሁሉ ጀልባውን ነው የሚያየው፣ ተሳቢውን የሚያይ የለም፣ ክረምቱን ጭቃ ላይ የቆመ ተሳቢ ደግሞ ኩሺኔታው ዝጎ ነው የሚጠብቃችሁ። ሁለቱንም ጎማ በክሪክ አንሱና በእጃችሁ አሽከርክሩት፣ ክርር የሚል ድምፅ ካለው ፍቱት፣ በናፍጣ አጥባችሁ አዲስ ግራሶ ሙሉበት። ከላይ ቀባ አድርጎ ማለፍ የሚባለውን አልወደውም፣ ውስጥ ያለውን ዝገት አይነካውም።

ሸራውን ዘርግታችሁ የአይጥ ቀዳዳ ፈልጉ። ምሰሶውን የሚይዙትን ካቦዎች ደግሞ ጨርቅ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ እሹዋቸው፣ ከካቦው ክሮች አንዷ ተበጥሳ ከሆነ ዓይን ሳያያት ጨርቁን ያዝ ታደርገዋለች። እንዲህ የያዘ ካቦ ይቀየራል፣ ለዛሬ ብቻ ይሁን አይባልም። የታችኛውን ታፖ፣ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳውን መድፈኛ ማለቴ ነው፣ ግጠሙ፣ ላይፍ ጃኬት በሰው ልክ ቁጠሩ፣ ሞተሩን በባልዲ ውሃ ውስጥ አስነሱት። ስለ ሞተር አንድ ነገር፣ ጣና ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ጉልበቱን ያጣል፣ 5 ፈረስ የተባለውን እዚህ 4 ነው ብላችሁ አስቡ።

2. ማውረድ

ውሃው ስለሞላ በግንቦት መኪና ይቆምበት የነበረው ቦታ አሁን ጭቃ ነው። መኪናውን ይዛችሁ አትግቡ። ተሳቢውን ፍቱትና በወፍራም ገመድ ከመኪናው ጋር እሰሩት፣ ከጎማው ስር ሁለት ጣውላ አንጥፉ፣ በእጅ እየገፋችሁ አውርዱት፣ መኪናው ደረቅ ላይ ቆሞ ገመዱን ብቻ ይይዛል። ከመንገድ እንደገባችሁም ወዲያው ውሃ ውስጥ አትክተቱት፣ የጋለ ኩሺኔታ ድንገት ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሻይ እስክትጠጡ ይቀዝቅዝ። ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ሣር ያለበት የሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለው።

ምሰሶውን ከማቆማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የመብራት ገመድ መኖሩን እዩ። ምሰሶው አሉሚኒየም ነው፣ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም።

3. መቼ መውጣት

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ ላይ ሁኑ። ምክንያቱ ነፋሱ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ባህር ዳር ይመጣል፣ ሌሊት የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ይገለበጥና ከባህር ዳር በኩል ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፣ የሱ ትራፊ እስከ ማለዳ ይቆያል። በዛች ትራፊ ቀስ ብላችሁ ትወጣላችሁ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሐይቁ ነፋስ ከኋላ እየገፋ ቤታችሁ ያደርሳችኋል። ረፋድ ላይ ነፋስ የሌለበት ሰዓት አለ፣ እሱን በሞተር እለፉት። ጣና በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ውሃው ነጭ ነጭ ማለት ሲጀምር ሳትከራከሩ ሸራውን ቀንሱ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ተደርድሮ ሲንሳፈፍ ካያችሁ የዓሣ መረብ ነው፣ ዙሩት፣ የሰው እንጀራ ነው።

4. መልሕቅ መጣል

ይሄ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፣ ምክንያቱም እኔ የተማርኩት ጀልባ ሰብሬ ነው።

የመጀመሪያ ጊዜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበርን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሰሜን ስለነበር ከዘጌ በስተደቡብ ገባን፣ ዛፎቹ ነፋሱን ከልለውት ውሃው እንደ መስታወት ተኝቷል፣ ከዚህ የተሻለ ማደሪያ የት ይገኛል ብለን ከዳርቻው ሃያ ሜትር በማትሞላ ቦታ መልሕቃችንን ጣልን። መልሕቅ ያልኩት ብየዳ ቤት ያሰራነው የፌሮ መንጠቆ ነው፣ ገመዱ ዘጠኝ ሜትር፣ ሰንሰለት የለውም፣ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር። ቡና ጠጥተን ተኛን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከባህር ዳር በኩል መብረቅ ማብረቅረቅ ጀመረ፣ ጥቅምት ቢገባም የክረምቱ ቅሪት አያጣም፣ ነፋሱ ከደቡብ መጣና ያ ቀን የከለለን ዳርቻ ከጀርባችን ሆነ። መንጠቆው ጭቃውን እያረሰ ተከተለን። ስነቃ የሰማሁት ድምፅ መሪው ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲሰበር ነው። ወንድሜ ዘሎ ወርዶ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ጀልባዋን በትከሻው ከድንጋዩ ሲያርቅ አነጋ። ሲነጋ በታንኳ እንጨት ጭነው የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩንና "እናንተ ልጆች፣ እዚህ ማን ተኙ አላችሁ? ሌሊት ነፋሱ ከከተማው በኩል እንደሚመጣ አታውቁም እንዴ?" አሉን። አናውቅም ነበር።

ስለዚህ መልሕቅ የሚጣልበት ቦታ የሚመረጠው ሌሊት ነፋሱ እንደሚዞር ታስቦ ነው። አሁንም ከዘጌ በስተደቡብ አድራለሁ፣ ግን ከዳርቻው ቢያንስ ሰማንያ ሜትር ርቄ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ ውሃው 3 ሜትር ከሆነ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው በላይ ያለውን ከፍታ ግማሽ ሜትር ጨምሩበት፣ 3.5 ሆነ፣ በሰባት አባዙት፣ 25 ሜትር ገመድ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። ነፋሱ ሲዞር ጀልባዋ በዚህ ገመድ ልክ ዙሪያዋን ትዞራለች፣ የራሷ ርዝመት ሲጨመር ሠላሳ ሜትር ነው፣ በዛ ክብ ውስጥ ድንጋይም ደንገልም ሌላ ጀልባም መኖር የለበትም። ገመዱ የሚረዝመው መልሕቁን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን እንዲስበው ነው፣ ወደ ላይ የተሳበ መልሕቅ ይነቀላል። በገመዱና በመልሕቁ መሃል ሁለት ሦስት ሜትር ሰንሰለት አስገቡበት፣ ክብደቱ ገመዱን መሬት ላይ ያስተኛዋል። የፌሮ መንጠቆ ለድንጋይ ነው፣ የጣና ሥሩ ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ ሰፊ ምላስ ያለው መልሕቅ ያስፈልጋል፣ ብየዳ ቤት ከወፍራም ላሜራ ይሰሩላችኋል።

አጣጣሉ፣ ሸራ አውርዱ፣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሩና እስክትቆም ጠብቁ፣ ከዛ መልሕቁን ሳትወረውሩ በእጅ አውርዱት። ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትንሸራተት ገመዱን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፣ ሲያልቅ ከፊት እሰሩት፣ ከኋላ በፍጹም። ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ ወደ ኋላ ስጡትና የተወጠረውን ገመድ በሁለት ጣት ያዙት። የያዘ መልሕቅ ገመዱ ዝም ይላል። የሚንሸራተት ከሆነ ድድድ እያለ ጣታችሁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ አንስታችሁ እንደገና ጣሉ፣ ሦስቴም ቢሆን። በመጨረሻ ዳርቻው ላይ አንድ ዛፍና ከኋላው አንድ ጣራ በመስመር ያዙ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እዩዋቸው፣ ነፋሱ ሳይዞር መስመሩ ከተበተነ እየሄዳችሁ ነው።

አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ግን አትደሩ፣ ጉማሬ አለ፣ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። ገዳማቱ ዳርቻም ሳትጠይቁ አትውረዱ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸውም አስቡ።

5. ሌሊቱ

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው እውነት ነው፣ ውሃ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ጋቢ ያዙ፣ ሁለት ከሆነ ደስ ይላል። ከክረምት ማግስት የወባ ወቅት ስለሆነ አጎበር የግድ ነው። ሸራው ግርጌ ያለውን አግዳሚ እንጨት ከፍ አድርጋችሁ እሰሩና አጎበሩን በላዩ ጣሉት፣ ጠርዙን ከፍራሹ ስር ወትፉት፣ ከዳርቻው መራቃችሁም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከሰል ጀልባ ውስጥ በፍጹም አታቀጣጥሉ፣ ባይጨስም የሚወጣው ጋዝ በተዘጋ ቦታ ይገድላል፣ ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ያዙ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። የሚጠጣ ውሃ በጀሪካን። ነጭ መብራት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉና እስኪነጋ ይብራ፣ በጨለማ የሚቀዝፍ ታንኳ አለ።

ከቻላችሁ ቅዳሜ ማታን ምረጡ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፣ ለእሁድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፣ ሌሊት ከዛፎቹ ውስጥ የከበሮው ድምፅ በውሃው ላይ እየተንከባለለ ይመጣል። እኔ በየዓመቱ የምመለሰው ለሱ ነው።

6. መመለስ

ነፋሱ እስኪመጣ እስከ 7 ሰዓት ገደማ ጠብቁ፣ መልሕቁን ጭቃውን እያጠባችሁ አንሱ። ጀልባዋ ከወጣች በኋላ ታፖውን ፍቱ፣ ሸራው ሳይደርቅ አትጠቅልሉት። ከዛ ተንበርክካችሁ የተሳቢውን ስር እዩ፣ ጎማውን፣ የሞተሩን ፕሮፔለር፣ የመልሕቁን ሰንሰለት ሳይቀር። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬው በእጁ እየነቀለ አልቻለውም፣ ከትንሽ ቁራጭ ተነስቶ ይባዛል፣ ተሳቢ ደግሞ ከሐይቅ ሐይቅ ይሄዳል። ያገኛችሁትን ከውሃው ርቃችሁ ደረቅ መሬት ላይ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ባልዲውንም ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን እዛው ሣሩ ላይ ድፉት።