እንጉዳዩን አትጣሉት፦ የእንጉዳይ ጥንዚዛ ስትመዘግቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ሲገባ ጎንደር ውስጥ የጅብ ጥላ ብቅ ብቅ ይላል። በየአድባራቱ ጽድና ወይራ ሥር፣ በግጦሽ ሜዳ፣ በበሰበሰ ግንድ ላይ። አንዱን ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። ከሥሩ ባለው ሽንሽን ላይ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ሲሯሯጡ ልታዩ ትችላላችሁ። የክንፋቸው ሽፋን አጭር ስለሆነ ሆዳቸው ገላጣ ነው። ስታፊሊኒዴ የሚባለው ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ከ60 ሺህ በላይ ዝርያ ይታወቅበታል።

ትልቁ ስህተት ጥንዚዛውን ይዞ እንጉዳዩን መጣል ነው። እኔም አድርጌዋለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከእነዚህ ጥንዚዛዎች መካከል ጋይሮፌና የሚባሉት ሽንሽኑ ላይ እየኖሩ ስፖሩን፣ ማለትም እንጉዳዩ የሚራባበትን ደቃቅ ብናኝ፣ ይመገባሉ። ኦክሲፖረስ ሥጋውን ቦርቡሮ ይገባል። ሎርዲቶን ደግሞ የሚመጣው እዚያ የተፈለፈለውን የዝንብ እጭ ለማደን ነው። ስለዚህ የት ላይ እንዳገኛችሁት ራሱ መረጃ ነው። እንጉዳዩን ከላይ፣ ከሥርና ከጎን ፎቶ አንሱት። ከዚያ ጃንጥላውን ቆርጣችሁ፣ ሽንሽኑን ወደ ታች አድርጋችሁ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አሳድሩት። ጠዋት የስፖሩን ቀለም ታገኛላችሁ። እንጉዳዩን ለመለየት በጣም ይረዳል።

ጭራው ላይ መቆንጠጫ ካለው ደግሞ ጥንዚዛ አይደለም። ክንፉ አጭር ስለሆነ ብቻ አትሸወዱ።

ሌላው በስልክ ፎቶ ብቻ የዝርያ ስም መስጠት ነው። ብዙዎቹ ጋይሮፌናዎች ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ናቸው። አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ነው፤ እሱም በማይክሮስኮፕ ተከፍቶ ይታያል። ሴት ብቻ ይዛችሁ ከተመለሳችሁ ሥራው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከአንድ እንጉዳይ ላይ ጥቂት ሰብስቡ። «ጋይሮፌና፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መመዝገብ ነውር የለውም፤ ከተሳሳተ ስም በብዙ ይሻላል።

አረቄ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ውሃው ይበዛል። ቅርጹን ለማየት 70 በመቶ ገደማ አልኮል፣ ለዲኤንኤ 95 በመቶ ያስፈልጋል።

አሁን እኛን በተለይ ወደሚጥለን ነገር ልምጣ፦ ቀኑ። ነሐሴ 12 ቀን 2017 የሰበሰባችሁትን «12/12/17» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። የውጭ አጥኚ ዲሴምበር 12 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። እውነቱ ግን ኦገስት 18 ቀን 2025 ነው። የክረምቱ ጥንዚዛ በበጋ ተገኘ ሊባል ነው! ወሩን በፊደል ጻፉ፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነም ግለጹ። ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለእነሱ 9 ነው።

ቦታውንም «ጎንደር» ብላችሁ አትለፉ። ከተማው ነው? ሰሜን ነው? ደብረ ታቦር ያለችበት ደቡብ ጎንደር ነው? ከተማው ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ራስ ዳሸን ደግሞ ከ4,500 ያልፋል። ስልካችሁ የሚያሳየውን ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ ገልብጡ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ መጀመሪያ አባቶችን አስፈቅዱ፤ የደብሩንም ስም መዝግቡ።

ይህን ሁሉ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከጥንዚዛው ጋር ብልቃጡ ውስጥ ክተቱት። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።