የአባላዘር በሽታ ምርመራ፦ መጀመሪያ ቀን ይቁጠሩ

ያለ ኮንዶም ግንኙነት ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ላቦራቶሪ ይሮጣል፤ «ነጻ ነዎት» ይባልና ተገላገልኩ ብሎ ይመለሳል። የማግስቱ ውጤት ግን ስለ ትናንት ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ከዚያ በፊት ስለነበረው ነው።

72 ሰዓት ካልሞላዎት የኤች አይ ቪ ሕክምና ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱና ስለ ፔፕ ይጠይቁ። ቫይረሱ ሥር ሳይሰድ የሚከላከል መድኃኒት ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፤ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጣል። በዚያው ቀን የሚደረግልዎት ምርመራ ከዚህ ቀደም ቫይረሱ ይኑርብዎት አይኑርብዎት ለመለየት ነው።

72 ሰዓት ካለፈ ከግንኙነቱ ቀን ጀምረው ይቁጠሩ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጣት ተወግቶ የሚሠራው የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ በምርመራ እስኪታይ እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። በ6ኛው ሳምንት ነጻ መባል ጥሩ ምልክት ነው፤ ጉዳዩን የሚዘጋው ግን የ3ኛው ወር ውጤት ነው። ፔፕ የወሰደ ሰው የምርመራ ቀጠሮውን መድኃኒቱን ከሰጠው ባለሙያ ይያዝ።

ቂጥኝ ደግሞ ያታልላል። ቁስሉ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ፣ በአማካይ በ3 ሳምንት ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሳይታከምም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ በሽታው በደም ውስጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ቁስል ባይታይም የቂጥኝ ምርመራውን በ3ኛው ወር ከኤች አይ ቪው ጋር ይድገሙት። የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራንም አብረው ያሠሩ።

ጨብጥ አይዘገይም፤ በወንድ ላይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ይመጣል፦ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠልና መግል። ሴቶች ላይ ጨብጥም፣ ክላሚዲያ የተባለው ሌላው የአባላዘር በሽታም ያለ ምንም ምልክት ሊቆዩ ይችላሉ።

ካርድ ሲያወጡ ዝርዝር መናገር አይጠበቅብዎትም። ለሐኪሙ ግን ግንኙነቱ የተፈጸመበትን ቀን፣ ያለብዎትን ምልክትና እርግዝና ካለ በግልጽ ይንገሩ። «ሙሉ ምርመራ» ብቻ ብለው አይዘዙ። የተለመደው የሽንት ምርመራ ክላሚዲያን አይለይም፤ የደም ምርመራም ጨብጥን አያሳይም። የክላሚዲያ ምርመራ በየቦታው አይገኝም፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ፈሳሽን ወይም ቁስልን አይተው በምልክቱ ያክማሉ። ይህ ቸልተኝነት አይደለም፤ የአሠራር መመሪያው ነው። ምልክት ለሌለው ሰው ግን አይሠራም፤ ያኔ ምርመራውን የሚሠራ ላቦራቶሪ መፈለግ ግድ ነው። የሽንት ናሙና ከሆነ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ሳይሸኑ ቆይተው መሽናት ሲጀምሩ የሚወጣውን ሽንት ይቀበሉ። መሃሉን ከቀዱ ባክቴሪያው ሊያመልጥ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው አቋራጭ ከፋርማሲ በግምት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ነው። ምልክቱን ያደበዝዛል፤ ምርመራውን ያሳስታል፤ ጨብጥ ደግሞ መድኃኒት ለመላመድ የታወቀ ነው።

በሽታ ከተገኘ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ አብሮ ይታከም፤ አለበለዚያ በሽታውን መልሳችሁ እርስ በርስ ታስተላልፉታላችሁ። ለጨብጥና ለክላሚዲያ ሁለታችሁም ሕክምናውን ከጨረሳችሁ በኋላ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጠቡ።

የቂጥኝ ውጤት ወረቀትዎን አይጣሉ። አንዳንድ ፈጣን ምርመራዎች አንዴ የታመመ ሰው ከዳነ በኋላም ዕድሜ ልኩን «አለ» ይላሉ። መዳንዎ የሚታወቀው ቪ ዲ አር ኤል ወይም አር ፒ አር በሚባሉት የቂጥኝ የደም ምርመራዎች ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ ከ1:32 ወደ 1:8 ከወረደ መድኃኒቱ ሠርቷል። የድሮው ቁጥር ከሌለ ግን አዲሱን ከምን ጋር ያስተያዩታል?